ብሬከሩን የጠበቀችው ልጅ

የጭሮው ኮሌጅ የኮምፒውተር ባለሙያ ተሻለ ላብራቶሪው ውስጥ ከሠልጣኞች ጠረጴዛ ሥር በጀርባው ወድቋል። ከግድግዳው የተፈታ ሶኬት ከራሱ በላይ ተንጠልጥሏል፤ የሁለቱም እጆቹ ጣቶች ጠቁረዋል። አስከሬኑ ሳይነሳ ኮሌጁ ጥፋተኛዋን አግኝቶ ለፖሊስ አሳውቋል። አንዲት ተማሪ ላይ ወንጀል መለጠፍ ሶኬት ከመጠገን ይቀላቸዋል።

ተማሪዋ ሀኒፋ ትባላለች፤ የቦርደዴ ልጅ ናት። ኮሪደሩ ላይ ካለው የመብራት ማጥፊያ ብሬከር ሳጥን ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«ምን ብሎሽ ነበር?» አለቻት ኢንስፔክተር ዑሙልኸይር አጠገቧ ቁጢጥ ብላ።

«‹ብሬከሩን አውርጄዋለሁ። መብራት ድንገት ሊመጣ ስለሚችል እስክጨርስ ማንም እንዳያነሳው ጠብቂ› አለኝ።»

«አነሳሽው?»

«ወላሂ አልነካሁትም! ግን ሁሉም አንቺ ነሽ ይሉኛል። እጄ ሳላውቀው ነክቶት ይሆን? ገድዬው ይሆን?»

«ተሻለ ከመጮኹ በፊት የሰማሽው ነገር አለ?»

«ጢጥ... ጢጥ የሚል። የሰው ስልክ መስሎኝ።»

ዲኗ ወይዘሮ ብርነሽ ከመምህራን ስብሰባ ተጠርተው መጡ። «ምኑ ይመረመራል? መብራት መጣ፣ አነሳችው፣ ሞተ። ለቅሶዋን አያዩም?»

«እርስዎ አላለቀሱም። ልጠርጥርዎት?»

ዑሙልኸይር ዲኗን ይዛ ወደ ላብራቶሪው ገባች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኮምፒውተሮች ተከፍተዋል፤ ከሚሞሪ ቦታቸው ግማሹ ባዶ ነው።

«እነዚህስ?»

«ተሻለ ማሽኖቹ ለምን እንደሚንቀራፈፉ ነገ አሳይዎታለሁ ብሎኝ ነበር» አሉ ዲኗ።

የሥልጠናው አስተባባሪ ነቢዩ ቢሮ ከላብራቶሪው ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። «ቆልፌ ፈተና ሳርም ነበር» አለ። «ከጩኸቱ በቀር ምንም አልሰማሁም።»

ጥግ ላይ መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ ትልቅ ዩፒኤስ ቆሟል።

«ይሠራል?»

«ኧረ እሱ ከሞተ ቆይቷል!»

ዑሙልኸይር ከግቢው ወጥታ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ወፍጮ ቤት ተሻገረች። ሴቶች እህላቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ዛሬ መብራት መጥቶ ነበር?»

«የት አባቱ!» አለች ኡምኩልሱም የምትባል ሴት። «ቢመጣማ እዚህ ተቀምጠን አንቺን እናያለን?»

ተመልሳ ሁሉንም ነቢዩ ቢሮ ሰበሰበች። ሀኒፋ በሩን ተደግፋ ቆመች፤ ካቴና የመጣላት መስሏታል።

«ከተማው ዛሬ መብራት አላየም» አለች ዑሙልኸይር። «ስለዚህ ብሬከሩ ቢነሳም ቢወርድም ከውጭ የሚገባ ነገር አልነበረም። የኮሌጁ ጄኔሬተርም አይደለም፤ እሱ ቢነሳ ተሻለ ሰምቶ እጁን ይሰበስብ ነበር። ሽቦውን በኤሌክትሪክ የሞላው፣ ድምፁ ከዚህ ግድግዳ እምብዛም የማያልፍ ነገር ነው። የዚህ ቢሮና የላብራቶሪው ሶኬቶች ደግሞ በዚያው ብሬከር ሥር አንድ መስመር ናቸው።»

የዩፒኤሱን ቁልፍ ተጫነች።

ጢጥ። ጢጥ።

ሀኒፋ ጮኸች። «ይሄ ነው! የሰማሁት ይሄን ነው!»

«መብራት በሌለበት ሲበራ እንዲህ ይጮኻል። አቶ ነቢዩ፣ የሞተው ዩፒኤስዎ ተነሳ። እርስዎ ደግሞ በሩን ቆልፈው አጠገቡ ነበሩ። የመሳቢያውን ቁልፍ ይስጡኝ።»

«የግል ዕቃዬ ነው! መብት የለሽም!»

«ሰው ገድለው መብት ይቆጥሩልኛል?» ቁልፉን ከእጁ ነጠቀችው።

መሳቢያው ውስጥ በሁለቱም ጫፉ ሶኬት ላይ የሚሰካ ገመድ ነበር፤ ሥሩ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሚሞሪዎች።

«ከማሽኖቹ እየነቀሉ ይሸጡ ነበር፤ ተሻለ ደረሰብዎት። የገመዱን አንድ ጫፍ ዩፒኤሱ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኩት። እሱ ከግድግዳው ማዶ ሽቦዎቹን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።»

ነቢዩ ተቀመጠ። «እንዲደነግጥ ብዬ ነው...» አለ፤ ሳይጨርሰው ፖሊሶቹ አነሱት።

«ታዲያ ልጅቷ አለማንሳቷን በምን አወቁ?» አሉ ዲኗ።

«ብሬከሩ ቢነሳ ኖሮ ይህ ዩፒኤስ ኃይሉ ወደ ውጭ ፈስሶ፣ ኮሌጁንም ከተማውንም ልሸከም ብሎ ወዲያው ይጠፋ ነበር። ተሻለን ሊገድል የቻለው ብሬከሩ ወርዶ ስለቆየ ነው። አልነካችውም!»

ዑሙልኸይር የተናገረችው ምን ማለት እንደሆነ የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ሀኒፋ ከበሩ ተላቀቀች። አሁን አታለቅስም።

«ባነሳው ኖሮ... ይተርፍ ነበር?»

ዑሙልኸይር የልጅቷን ትከሻ ያዘች። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የገደለው እሱ ነው። አንቺ የታዘዝሽውን ነው የጠበቅሽው።»

«ይተርፍ ነበር ወይ ነው ያልኩዎት» አለች ሀኒፋ።