የታጠበው ቀበቶ

ብረት አሳሪው ፌራዮ የሞተው ለሕንጻው መሠረት በተቆፈረ የፓይል ጉድጓድ ውስጥ ነው። አፉ ከበርሜል ብዙም አይሰፋም፤ ጥልቀቱን ግን እግዜር ይወቀው። ግድግዳው እንዳይናድ እስከ አፉ ድረስ በግራጫ ፈሳሽ ጭቃ ይሞላል። እዚያ የገባ ሰው ዋና ቢችልም ዋጋ የለውም።

"የደኅንነት ቀበቶውን አላሰረም፤" አለ ፎርማኑ። የሟች ታላቅ ወንድም ነው፤ ሥራ ያስገባውም እሱ ነው። "ይኸው፣ ዕቃ ቤት ተሰቅሎ አገኘሁት። ስንቴ መከርኩት፣ አልሰማ አለኝ እንጂ።"

የሟች ሚስት ከፖሊስ መርማሪዋ አጠገብ ቆማ ሰማችው። ባሏ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ፣ "ስሞትልሽ፣ ሳላስር ጉድጓድ አልጠጋም" ይላት ነበር። ውሸታም! ትቷት ለመሄድ ይህን ያህል ምን አስቸኮለው? እንዲህ እየተናደደችበትም ናፈቃት፤ ድምፁ፣ የላቡ ሽታ፣ ማንኮራፋቱ ሳይቀር።

መርማሪዋ መጀመሪያ የያዘችው የክሬን ሹፌሩን ነው። ትናንት ከሟች ጋር ሲጨቃጨቅ ሠራተኛው ሁሉ ሰምቷል።

"በምን ተጣላችሁ?"

"የጉድጓዱን የብረት አጥር በክሬን አንሥቼው ነበር። 'ቀበቶዬን የማስረው እሱ ላይ ነው፣ መልስልኝ' አለኝ። እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው አልኩት።"

"ማን አዘዘህ?"

ሹፌሩ ዓይኑን ወደ ፎርማኑ ላከ። "ለኮንክሪት መኪናው መንገድ ጠበበ ተብሎ…"

"ሬሳው ሲወጣ ነበርክ?"

"ነበርኩ። ጭቃ በጭቃ ነው፣ ምኑም አይለይ። ወዲያው ፎርማኑ ሁላችንንም 'አምቡላንሱን በር ላይ ጠብቁ' ብሎ አባረረን። ከሬሳው ጋር ብቻውን ቀረ።"

መርማሪዋ ቀበቶውን ከፎርማኑ ተቀበለች። ንጹሕ ነው፤ ግን እርጥብ።

"ለምን ታጠበ?"

"አቧራ ነበረው።"

መቆለፊያውን በቁልፍ ጫፍ ፈልፈል አደረገችው። ግራጫ ጭቃ መዳፏ ላይ ጠብ አለ። የግቢው አፈር ደግሞ ቀይ ነው።

"ሲወድቅ አስሮት ነበር፤" አለች። "የፈቱለት እርስዎ ነዎት።"

ፎርማኑ አሸዋው ላይ ዘፍ አለ።

"ጉድጓዱ ዛሬ በኮንክሪት ይሞላል ብዬ ለአለቆቼ አፌን ሞልቼ ተናግሬ ነበር። አጥሩን ሳስነሣበት የቀበቶውን ገመድ ከሳንቃ ጋር አሰረው። ሳንቃው አብሮት ገባ። እስር ቤት ታየኝ፤ ልጆቼ ታዩኝ። ጥፋቱን በእሱ ላይ አላከክሁት። ለሞተ ሰው ምን ይጎድለዋል ብዬ።"

"ለእኔ ጎደለኝ፣ ጋሼ፤" አለችው ሚስቲቱ። "ለእኔ።"

ፖሊሶቹ ይዘውት ሄዱ። መርማሪዋ የሚስቲቱን ትከሻ ነካ አድርጋ ተከተለቻቸው።

ባሏ ቃሉን ጠብቋል። ደስ ሊላት በተገባ። እስካሁን ደግፎ ያቆማት ግን ንዴቱ ነበር። አሁን ንዴቱ ሄደና ናፍቆቱ ብቻዋን አገኛት።