በክዳኑ ላይ የተተከለው ስኳር ድንች

ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲት ነገር ከዋሸሁ የሶር ፏፏቴ ወደ ላይ ይፍሰስ።

ጋሼ ጅራታ መቱ ውስጥ ባለ ስምንት ክፍል ፔንሲዮን ነበራቸው። ከፔንሲዮኑ ይልቅ የሚወዱት ግን የግቢውን ሳር ነበር። ሳሩ ግን በመቱ ዝናብ ጠዋት ታጭዶ ማታ ጉልበት ይደርሳል። ታናሽ ወንድማቸው ዶሪ በግብርና ዲፕሎማው መሥሪያ ቤት የተቀጠረ ሰው ነው። ሳር የድሮ ነው፣ መሬት የሚሸፍን ተክል ይተከል፣ ማጨድ የለ ጭቃ የለ እያለ ሲወተውታቸው ከርሞ አሳመናቸው። ሳሩ ተነቀለ፣ የዶሮ ኩስ ተበተነ፣ አትክልተኛው ቀኖም ሰኞ ዕለት ግቢውን በስኳር ድንች ሐረግ ሞላው።

ቅዳሜ ግቢው ገማ። ሁሉም በዶሮው ኩስ አመካኘ። ጎረቤት ሱቅ ያላቸው ጋሼ ነዚፍ፣ ከሽታው የተነሣ ዝንብ እንኳ ቴምራቸው ላይ አላርፍም ማለቱን ለሰው ሁሉ አወሩ። እሑድ ሽታው ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ እንግዶቹን አባረረ። በሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ሰዎች ሽታውን ተከትለው የመጸዳጃውን ጉድጓድ የላሜራ ክዳን ከነአፈሩ፣ ከነሐረጉ እንደ ትሪ አነሡት። ሳምንቱን ሙሉ ኔትወርክ ወደሌለበት ቡና ማሳቸው ወርደዋል የተባሉት ጋሼ ጅራታ እዚያው ነበሩ፤ አብጠው፣ ጺማቸው ውስጥ ነጭ ትል እየተርመሰመሰ። ካወጧቸው ሰዎች አንዱ እስከ ዛሬ ሩዝ አይበላም።

ፖሊስ ቀኖን ያዘ። ግቢውን የተከለው እሱ ነው፤ ሳሩ ከጠፋ የማጨድ ሥራው እንደሚያልቅ አውቆም ከጋሼ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል። በማግስቱ በነፍስ ግድያ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው።

ምክትል ኢንስፔክተር ሴና ግቢው ስትገባ አፍንጫዋን አልያዘችም። አስከሬኑን፣ በተለይ ጥፍሮቹን፣ ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ላሜራው ላይ ጎንበስ ብላ የጠወለጉትን ሐረጎች ቆጠረች፤ አሥራ አንድ ናቸው። ቀኖን ጠራችው።

«ክዳኑ ላይ የተከልከው አንተ ነህ?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም። ጋሼ ጅራታ የመምጠጫ መኪና ሲመጣ ይከፈታል፣ ተወው ብለውኝ ትቼዋለሁ። ባለፈው ሰኞ ከሰዓት ኖፓ ለቅሶ ሄድኩ። ስመለስ ተተክሎበታል። ጠውልጎ ሳየው ኩሱ ያቃጠለው መሰለኝ።»

የሟች ባለቤት እትዬ ዋሪቱ፣ ኖፓ ገጠር ያደጉ ሴት፣ ያን ሰኞ ገበያ ሲወጡ ላሜራው ባዶውን እንደነበር አረጋገጡ። ባላቸው ያን ቀን ጠዋት ዶሪ ተማርኩበት ወዳለው ኮሌጅ ደውለው ፊታቸው ጠቁሮ እንደነበረም ጨመሩ።

ጋሼ ነዚፍ ሐረጉን ከገዛ ማሳቸው ቆርጠው ያመጡ ናቸው። ጉድጓዱ ወደ ሱቃቸው ጓሮ እየሰረገ ስላስቸገራቸው፣ በገዛ ቆሻሻህ አሰጥምሃለሁ ብለው ሟችን መዛታቸውን አልደበቁም።

«ዝቻለሁ» አሉ። «የዛትኩት ሁሉ ቢፈጸም ግን መቱ ውስጥ ሰው አይቀርም ነበር።»

ዶሪ በሽቶ የተነከረ መሐረብ አፍንጫው ላይ ይዞ መጣ። ለባለሙያ ነገሩ ግልጽ ነው፣ ቀኖ ነው አለ።

ከሰዓት በኋላ ሴና አራቱንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች፤ ቀኖ በካቴና ነው። ለየአንዳንዳቸው አንድ አንድ ሐረግ ሰጥታ ትከሉልኝ አለች። እትዬ ዋሪቱ እያለቀሱ ተከሉ። ጋሼ ነዚፍ ጉልበታቸውን እየረገሙ ተከሉ። ቀኖ በታሰረ እጁ ሁሉንም ቀደመ።

«ዲፕሎማ ያለው ሰው ሐረግ ይተክላል እንዴ?» ብሎ ሳቀ ዶሪ።

«ታዲያ ለእርስዎማ ይቀልዎታል» አለችው።

በሁለት ጣቱ ተጸይፎ ሰካው። እትዬ ዋሪቱ ቀና አሉ።

«ዶሪ፣ ገለበጥከው እኮ።»

ሴና ላሜራውን አስመጣች። «ሐረግ ሥርና ጫፍ አለው» አለች። «ጫፉ ወደ ሰማይ ማየት አለበት፤ ይህን ኖፓ ያለ ሕፃን ያውቀዋል። እነዚህ አሥራ አንዱ ግን ቅጠላቸው ወደ መሬት ነው። ክዳኑን የሸፈነው ተክሎ የማያውቅ ሰው ነው። ሦስቱ እንደሚያውቁ አሁን አየን። ኮሌጁ ጋ ዛሬ እኔም ደውያለሁ፤ ዶሪ የሚባል ተማሪ አያውቁም። ጋሼ ጅራታም ይህን ሰምተው ነበር።»

የዶሪ መሐረብ ወደቀ። «ለመሥሪያ ቤቴ ልናገር አለ። ጉድጓዱን ከፍቶ እያየ ነበር... ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም። ሞቶ መስሎኝ ነው የዘጋሁት። ማሳ ወርዷል ያልኩትም እኔ ነኝ።»

«ጥፍራቸው ውስጥ የላሜራ ዝገት አለ» አለች ሴና። ከዚህ በኋላ አንቱታውን ተወችው። «ከታች ሲቧጥጡ አንተ ላያቸው ላይ ትተክል ነበር። ለምን እጅህን አልሰጠሃቸውም?»

ዶሪ እጁን አየ። «እስከ አንገቱ ቆሻሻ ነበር» አለ። «ቀፈፈኝ።»

እትዬ ዋሪቱ ተፉበት።

ቀኖ ያንኑ ቀን ተፈታ። በሳምንቱ እትዬ ዋሪቱ ሐረጉን አስነቅለው ሳሩን አስመለሱት፤ የሚያጭደውም እሱ ነው።

አሁን ሶር እንዳይገለበጥብን አንዷን ላርም። የዝንቡን ነገር የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ጋሼ ነዚፍ እንዲያ አላሉም። ዝንቡማ በጉድጓዱ መተንፈሻ እየገባ እየወጣ፣ ያን ሳምንት ሙሉ ቴምሩ ላይ ሲያርፍ ነበር። እኔም ያን ሳምንት ግማሽ ኪሎ ገዝቼ በልቻለሁ።