ሬዲዮ ዝም ያለችበት ሳምንት

የፈረንሳይኛ መምህርቷ «ጥንድ ጥንድ ሁኑ» ብለው ሳይጨርሱ ወሬዋ ስለማያልቅ ሬዲዮ የሚሏት ልጅ ወንበሯን ወደ ጓደኛዋ ወደ ሚጡ አዞረች።

የቃል ፈተና ነበር። አንዷ ትጠይቃለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች። ጥያቄዎቹ ከምዕራፍ አንድ ናቸው፤ ስምሽ ማን ነው፣ የት ትኖሪያለሽ፣ ጓደኛሽ ማን ናት። ሚጡ በእንቅልፍ ልቧም ትመልሳቸዋለች። ችግሩ ሌላ ነው። ከኋላ ረድፍ ፕሮፍ እጁን አጣምሮ እያያት ነው።

ፕሮፍ አስተማሪ አይደለም። እንደነሱው በእረፍት ወራት ዩኒቨርሲቲ ገብተው መግቢያ ኮርሶችን እንዲሞክሩ ከየትምህርት ቤቱ ከተመረጡት አንዱ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ሲያወራ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ስለሚያወርድ ነው። የሶሺዮሎጂው አስተማሪ «ቡድን አባሉን ሲያገል ምን ይፈጠራል» የሚል ርዕስ ሰጥተው በቡድን አንብባችሁ ጻፉ ሲሏቸው፣ ፕሮፍ ማንበብ የፋራ ነው፣ በራሳችን ሰው ላይ እንሞክረው አለ። ከቡድናቸው ሬዲዮ ያን ቀን ጥርሷን አሟት ቀርታለች። ከሰኞ እስከ አርብ ማንም እንዳያናግራት ተስማሙ። ምስጢሩን ያወጣ ከቡድኑ ይባረራል። ሚጡ ጓደኛዬ እኮ ናት ብትለው ፕሮፍ ሳቀ።

«አታካብጂ። ጓደኛዋ ስለሆንሽ ነው የሚያምረው። የኛ ዝምታማ ምኗም አይደል።»

ከቡድን መባረር ኮርሱን መውደቅ ነው። ሚጡም ተስማማች።

ሰኞ ሬዲዮ እንደ ልማዷ ቀልድ አመጣች፤ የሳቀላት የለም። ብቻዋን ስቃ ሌላ ጨመረች። ማክሰኞ አውቶቡስ ላይ ቦርሳዋን አስቀምጣ ለሚጡ ቦታ ያዘችላት፤ ሚጡ እስከ መጨረሻው ቆማ ሄደች፤ ያየችውንም ለፕሮፍ ነገረችው። በማግስቱ ሬዲዮ «ምን አደረግኩሽ?» አለቻት፣ አንዴ ብቻ፣ በሹክሹክታ። ዛሬ ሐሙስ ጠዋት ለማንም ሰላምታ ሳትሰጥ ገብታ ተቀመጠች። ፕሮፍ በደስታ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ።

«ጓደኛሽ ማን ናት?» አለች አሁን ሬዲዮ በፈረንሳይኛ።

ሚጡ አፏን ከፈተች። ፕሮፍ ጉሮሮውን ጠረገ። አፏን መልሳ ገጠመች።

መምህርቷ ጠጋ ብለው ቆሙ። ሬዲዮ ጥያቄውን ደገመችው፣ ቀስ ብላ፣ ለበሽተኛ እንደሚነገር። ከዚያ ቀና አለች።

«ቲቸር፣ ጉሮሮዋን አሟት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ድምጿ ተዘግቷል። ነገ ብትፈተንስ?»

መምህርቷ ፈቀዱላት።

አርብ በሶሺዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ፕሮፍ ሪፖርቱን ቆሞ አነበበ። ስም አልጠራም፤ «ተጠኚዋ» ነበር የሚላት። ተጠኚዋ ሰኞ ሁለት ቀልድ ሞከረች ሲል ክፍሉ ገባውና ሁሉም ዞሮ ሬዲዮን አያት። መጀመሪያ እሷም ከሰው ጋር ፈገግ ብላ ነበር። ንባቡ የአውቶቡሱ ጉዳይ ላይ ሲደርስ ፈገግታው ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ይቺን ያስተዋለችልን የቅርብ ጓደኛዋ ናት» አለ ፕሮፍ፣ ሚጡን በጣቱ እያሳየ።

አስተማሪው ምልከታውን አደነቁ። ልጅቷ ታውቅ ነበር ወይ ብለው አልጠየቁም። ከክፍሉ ትልቁን ማርክ ለቡድኑ ሰጡት፤ ሬዲዮም የቡድኑ አባል ናትና ደረሳት።

ቀጥሎ የተላለፈው የሚጡ የቃል ፈተና ነበር። መምህርቷ ገና አልገቡም። ፕሮፍ ከጎኑ ያለውን ወንበር ሳብ አደረገላት።

«ነይ፣ ከኔ ጋር ትፈተኛለሽ። እሷ እንደሆን ከእንግዲህ አትመልስልሽም፤ ዜሮሽን ይዘሽ ነው የምትወጪው።»

ሚጡ አልፋው ሄደች። ወንበሯን ወደ ሬዲዮ አዞረችና መጽሐፉን ገለጠች።

«ስምሽ ማን ነው?» አለች በፈረንሳይኛ።

ሬዲዮ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። አልዞረችም።

«የት ትኖሪያለሽ?»

«ሬዲዮነቱ ወደ ሚጡ ዞረ እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሳቁ።

በኮሪደሩ የመምህርቷ ጫማ ተሰማ። የሚጡ ጣት «ጓደኛሽ ማን ናት» የሚለው ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ደርሶ ቆመ። ያንን ዘለለችውና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።