ደም የጠጣው ጡብ

ሐያሲው ሴፕቲመስ ሆልወርዝ በእንግዳ ማረፊያው ክፍሉ ከጠረጴዛው ሥር ተዘርሯል። የራስ ቅሉ ከሦስት ቦታ ተሰንጥቆ ደሙ እስከ በሩ ወርዷል፤ አጠገቡ በደም የተለወሰ ግማሽ ጡብ ወድቋል። የላንካሸር ፖሊሶች ከታች ግቢ አጥር ሲሠራ የነበረውን ግንበኛ ኢኖክ ታሊን ወዲያው በካቴና አሰሩት። ትናንት ሟቹ ስለ ጫጫታው ሲሰድበው፣ «አናትህን ባልፈነክት!» ብሎ ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ አሁን የሚጠብቀው ገመድ ነው።

መርማሪው አሞስ ትዌይት ጠረጴዛው ላይ፣ ከወረቀት በላይ የተቀመጠውን ሌላ ግማሽ ጡብ እያየ፣ «ይሄስ?» አለ።

«የሱ ነው» አለች እዚያው ያረፈችው ተዋናይት ላቪኒያ ክሮው። «ድሮ ከቲያትር ቤት ሰገነት የተወረወረበት። የጋዜጣ ዓምዱንም በሱ ነው የሰየመው፤ ‹ብሪክባት› ብሎ። እኔን በብዕሩ ስንቴ ፈንክቶኛል መሰለዎት!»

«ቃሉ የጡብ ስባሪ ማለት ነው» አለ የጋዜጣው አዘጋጅ ጎድፍሬይ ኤምስ ላቡን እየጠረገ። «ጥንት ሰው ሲጣላ የሚወራወረው። የነቀፋ ስም የሆነው ኋላ ነው።»

«ዛሬ ወደ ጥንቱ ተመለሰ በሉኛ!» አለ ትዌይት። «እርስዎ ግቢ ወርደው ነበር?»

«እኔ? ከጠዋት ጀምሮ ከክፍሌ አልወጣሁም።»

ትዌይት ወደ ግንበኛው ዞረ። «ኢኖክ፣ ጡብህን የት ነው የምታስቀምጠው?»

«በርሜል ውስጥ ነዋ ጌታዬ! በዚህ ሐሩር ደረቅ ጡብ የሲሚንቶውን ውሃ ይመጠዋል። ሳልነክር ብሠራ አባቴ ከመቃብር ተነስቶ ይገርፈኛል።»

መርማሪው በደም የተለወሰውን ጡብ በመዶሻ ከፈለው። ደሙ ወደ ውስጥ ጠልቋል።

«ውሃ የጠገበ ጡብ ደም አይጠጣም። ይሄ ደረቅ ነበር፤ የጠረጴዛው ነው።» ሁለተኛውን ሲያነሳው ከሥሩ ያለው ወረቀት ረጥቦ ቀለሙ ፈሷል። «ይሄኛው ግን ከበርሜሉ የመጣ ነው። ገዳዩ የጠረጴዛው ጡብ መጉደሉ እንዳይታወቅ ተካው፤ ጥርጣሬው ወደ ግቢ እንዲወርድ። ኢኖክ ቢሆን ጣት ወደ ራሱ አያስቀስርም። ሚስ ክሮው በዚህ ስስ ቀሚስ እርጥብ ጡብ የት ይደብቃሉ? ሚስተር ኤምስ፣ ሁላችንም በሸሚዝ ሆነን እርስዎ ኮትዎን ቆልፈዋል። እስቲ ይፍቱት።»

የኮቱ ገበር የጡቡ ቀለም ባቀላው ውሃ ርሷል።

«ዛሬ ለዓምዱ የነቀፈው ቲያትር የኔ ነበር» አለ ኤምስ ወንበር ላይ እየወደቀ። «በሌላ ስም የጻፍኩት። ስድስት ዓመት ለፋሁበት፤ እሱ በሦስት መስመር ገደለው። የኔ መሆኑን ሳያውቅ ነቀፋውን እያነበበልኝ ሳቀ።»

ኢኖክ ካቴናው ተፈታለት። የቆሰለ እጁን እያሻሸ አዘጋጁን አፍጥጦ አየው።

«እኔስ?» አለ። «እኔ ምን ጽፌብህ ነው ልታሰቅለኝ የነበረው?»