በደጃፉ ሥር የተቀበሩት ንቦች

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሺህ ስምንት መቶ አርባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ሊጋመስ ሲል፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለው የዩካታን ጫካ ውኃ ጠምቶት ቅጠሉን እንደ መዳፍ ወደ ሰማይ ዘርግቶ ነበር፤ የጥንት ጌቶች የሠሩት ግንብም ሥራሥር እንዳቀፈው በጠዋቱ ጉም ላይ እንደ መርከብ ይንሳፈፍ ነበር። የሽካን መንደር ሰዎች ማሳቸውን መንጥረውና አቃጥለው፣ በቆሎ ከመዝራታቸው በፊት የሚቀራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከግንቡ ደጃፍ ሥር ቆመው ዝናብ መለመን። ከደጃፉ በላይ የተጋደመው የዛፖቴ እንጨት ላባ የደፋ ጌታ ተቀርጾበታል።

ያን ዕለት ግን ወደ ደጃፉ የወጣው መጋዝ ነበር። ሙሴ ዴልኩር የሚባል ፈረንጅ እንጨቱን ቆርጦ ባሕር ማዶ ሊወስድ የአገሩን ገዥ ደብዳቤ ይዞ በኪራይ በቅሎዎች መጣ፤ የመንደሩ ሹም ባታብ ካኑቶ ፖትም ማኅተሙን አይተው ሁለት ተሸካሚዎች ሰጡት። ንብ አርቢዋ እመት ኢላሪያ ካማል ይህን ሲሰሙ ዳገቱን እያለከለኩ ወጡ።

«ባታብ፣ ከእንግዲህ ዝናቡን ከየትኛው ደጅ ልንለምን ነው?»

«እኔ ምን ላድርግ፣ እመት? ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው የያዘው!»

«ወረቀቱ በቆሎ ያበቅላል?»

«ባታባችንማ ማኅተም ካዩ የገዛ በራቸውንም ነቅለው ያሸክማሉ» አለ ተሸካሚው ሲሪያኮ፤ ባታቡም አንገታቸውን ደፉ።

መጋዙ ተሳበ። ገና ጥቂት እንደ ሄደ፣ ከእንጨቱ በላይ ካለው ስንጥቅ መናደፊያ የሌላቸው ትንንሽ ንቦች ጎረፉ፤ ብዙዎቹም በመጋዙ ጥርስ ተጨፍልቀው ረገፉ። የእመት ኢላሪያ እናት የመጀመሪያውን የንብ መንጋ ያገኙት ከዚያው ስንጥቅ ነበር። ሲሪያኮ መጋዙን ለቀቀ፤ በመንደሩ ወግ በሰው እጅ የሞተች ንብ በቅጠል ተጠቅልላ ሳትቀበር ገዳይዋ የሥራ ዕቃ አይነካምና።

«ለምን ቆሙ?» አለ ፈረንጁ።

«ቀብር አለብን፣ ሙሴ» አሉ ባታቡ፤ «የንቦቹ።»

ፈረንጁ ዕንባው እስኪፈስ ሳቀ። እመት ኢላሪያ ግን ቅጠል ዘረጉለት፤

«ና ልጄ፣ ቁጭ በል። መጋዙ ያንተ ነው፤ ሟቾቹም ያንተ ናቸው።»

ባታቡ ነገሩን በብዙ ትሕትና ለውሰው ተረጎሙለት። ፈረንጁም ሥራው ቶሎ እንዲያልቅለት ብሎ ተቀመጠ።

«ቀስ! እንደ ሕፃን ነው የምትጠቀለለው፤ ትምባሆ መሰለችህ እንዴ?» አሉት እመት ኢላሪያ።

አንድ፣ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። ብርሃን በቅጠሎቹ መካከል እንደ ማር እየተንጠባጠበ ወረደ፤ ሳቁም ሳይታወቀው ከፈረንጁ ፊት ጠፋ። አንዲቷን ንብ በጣቱ ጫፍ ይዞ ክንፏን ሲመለከት ብዙ ቆየ፤ ላባ የደፋውም ጌታ ከላይ፣ የመጋዝ ጠባሳውን ይዞ፣ የሚያየው ይመስል ነበር። እኩለ ቀን ላይ የእርጥብ አፈር ሽታ መጣ፤ ነጎድጓድ ጫካውን ዞረው፤ ዝናቡም ወረደ።

«ሙሴ፣ አሁኑኑ ካልወረዱ የመንገዱ ረግረግ በቅሎዎቹን ይውጣቸዋል» አሉ ባታቡ።

ፈረንጁ መጋዙን አየ፤ በእጁ ያለውን የመጨረሻ ቅጠልም አየ። ቅጠሉን ቀበረ። ከዚያ ደጃፉ ሥር ተጠልሎ ላባ የደፋውን ጌታ ምስል በወረቀት ላይ ነድፎ መጋዙን በጆንያ ጠቀለለ።

«ሳንለምን ዘነበ!» አለ ሲሪያኮ፣ ፊቱን ለዝናቡ ሰጥቶ።

«ከጠዋት ጀምረን ምን ስናደርግ የዋልን መሰለህ?» አሉ እመት ኢላሪያ።

ሙሴ ዴልኩር በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ገዥውን በስም አመሰገነ፤ በቅሎ አከራዩንም አልረሳም፤ እንጨቱን ግን «በዝናብ ምክንያት» ትቶ መመለሱን በአንድ መስመር ጻፈ። መጽሐፉን ያነበቡ ሊቃውንትም ያንኑ መስመር ሲገለብጡ ኖሩ። የእመት ኢላሪያ ስም የትም አልተጻፈም፤ እንጨቱ ግን ከቦታው አልተነሣም፤ መጋዙ የከፈተውን ቁስል ንቦቹ በሰም ደፍነውታል፤ በየዓመቱም በግንቦት መንደርተኛው ከሥሩ ይቆማል።