ሦስት ባቡር፣ አንድ መርከብ፣ ሁለት አውሮፕላን

ሰውየው መነጽር ቤቱ የገባው በምሳ ሰዓት ነው። መነጽሩን በመዳፉ ይዞታል፤ አንደኛው የጆሮ ዘንጉ ተነቅሎ በቁስል ፕላስተር ታስሯል።

«አሁኑኑ ይሠራልኛል? ያለ እሱ ፊደልና ጉንዳን አልለይም» አለ።

ከባንኮኒው ጀርባ የቆመችው ሴት ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። በዚህ ሱቅ ሌንስ ስትሞርድና ፍሬም ስታቃና አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ፕላስተሩን በጥፍሯ ላጠችና ቀና አለች።

«ይህን ያሰረው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ያስታውቃል።»

ሰውየው ሳቀ። ሊያስደስታት ብሎ የሳቀው ሳቅ አልነበረም፤ እውነት ሆኖበት ነው። ትንሿን መፍቻ አንስታ ሥራዋን ጀመረች፤ እግረ መንገዷንም ብዙ ጊዜ የሚያነበው ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«የጊዜ ሰሌዳ። የጉዞ ወኪል ነኝ፤ ከመንገዱ ማዶ፣ ከፋርማሲው በላይ። ሰዎች የሚሄዱበትን ይነግሩኛል፤ እኔ ባቡሩን ከመርከቡ፣ መርከቡን ከአውሮፕላኑ አገናኛለሁ።»

ብሎኗን አጠበቀች። ዘንጉን ሁለት ጊዜ አጥፋ ዘረጋችው። ከዚያ ለማንም ተናግራው የማታውቀውን ነገር፣ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደምትጠይቅ ሆና ጠየቀችው።

«አራት አገር በሦስት ሳምንት ማየት ይቻላል?»

«በደንብ ከታቀደ ይቻላል። ስንት ሰው ነው?»

«ሁለት።»

ዓይኑ ወደ ጣቶቿ ሄዶ ሲመለስ አየች። ምን ሊያይ እንደሄደ የገባት ግን ቆይቶ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ የምሳ ሰዓቷን ከፋርማሲው በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ማሳለፍ ጀመረች። ክፍሏ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ግድግዳውን ሙሉ የያዘ፣ ጥጋ ጥጉ ፀሐይ የበላው ካርታ አለ። ሰውየው እርሳስ ይዞ ከካርታው ፊት ይቆማል፤ እሷ ሳንድዊቿን በወረቀት እንደጠቀለለች ትከታተለዋለች። በአጭር በረራ ወደ መጀመሪያዋ አገር፤ ከዚያ በባቡር እስከ ባሕሩ ዳርቻ፤ ባሕሩን በመርከብ ማቋረጥ፤ ማዶ ሲደርሱ ሌላ ባቡር፤ በሦስተኛው ባቡር ወደ ተራሮቹ አገር መውጣት፤ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ ቤት። ሲያወራ ለስለስ ያለ ድምፅ ነበረው። ስለ አንድ ጣቢያ ሲነግራት የባቡሩ መሳፈሪያ መድረክ በየት በኩል እንደሆነ፣ ሻንጣ የሚቀመጥበት ሳጥን የት እንደሚገኝ ሳይቀር ይነግራታል።

የማይስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ከባቡሩ ወርዳችሁ መርከቡ እስኪነሳ አሥራ ስምንት ደቂቃ አላችሁ።»

«ያንሳል።»

«ወደቡ እኮ ከጣቢያው ጋር የተያያዘ ነው። አሥራ ስምንት ደቂቃ ተርፎ ይተርፋል።»

«አርባ አምስት ያድርጉልኝ።»

እሱም ሰሌዳውን እንደ አዲስ ያገላብጣል። ሌላ ሐሙስ ደግሞ ሆቴሎቹ በሙሉ አሳንሰር ያላቸው እንዲሆኑ፣ ሌላ ጊዜ የባቡሩ ወንበር ከመተላለፊያው ጥግ እንዲሆን ትጠይቀዋለች። እያደር ሰውየው ቀዝቀዝ አለባት። አንድ ቀን ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ እንዲህ አላት፦

«ባለቤትዎ መቸኮል አይወዱም ማለት ነው።»

«ባለቤት?»

«ሁለተኛው ተጓዥ።»

ሴትዮዋ ሳንድዊቿን አስቀመጠች። «ሁለተኛው ተጓዥ አባቴ ነው» አለች። «ጉልበቱን ያመዋል። በከዘራ ነው የሚሄደው።»

ሰውየው ለመጻፍ እንደተዘጋጀ ሰው እርሳሱን አነሳ፤ ነገር ግን ምንም አልጻፈም። ጆሮዎቹ ቀስ በቀስ ሲቀሉ አየች።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቁኝም።»

ያን ቀን ነገረችው። አባቷ ሠላሳ ስምንት ዓመት በሰው ቤት ወለል ላይ ተንበርክከው ሴራሚክ ያነጠፉ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው እዚያው ቀርቷል። እናቷ ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አብረው ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ ቀን፣ ምን ባደርግልህ ደስ ይልሃል ብትላቸው፣ «የሌላ አገር ሰው ወለል እንዴት እንደሚያነጥፍ ባየሁ» አሏት። በዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው አራቱን አገር የገነባችው።

«እንግዲያው አካሄዳቸውን ማየት አለብኝ» አለ ሰውየው። «ሳላይ ደቂቃ ማስላት አልችልም።»

ምክንያቱ እውነት ነበር። ግን ምክንያት ብቻ እንዳልነበረም ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መጣ። በሩን የከፈቱት አባትየው ናቸው፤ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«አንተ ነህ ሰሌዳው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ግባ። ጫማህን ግን ጥረግ፤ ይህን ወለል ያነጠፍኩት እኔ ነኝ።»

ባዶ ሻንጣ ይዘው ደረጃውን ሊወርዱና ሊወጡ ተስማሙ። ሰውየው ሰዓቱን አየ፤ አባትየው ከዘራቸውን አስተካከሉ፤ ልጅቱ ከኋላ ተከተለች። መውረዱ ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ሲወጡ አንደኛው ፎቅ ላይ አረፉ፤ ሁለተኛው ፎቅ ሲደርሱ አባትየው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። እሷ ውሃ ልታመጣ ወደ ላይ ሮጠች።

ብርጭቆውን ይዛ ስትመለስ፣ ገና ከመታጠፊያው በላይ ሳለች የአባቷን ድምፅ ሰማች።

«አየህ ልጄ፣ እኔ የትም መሄድ አልፈልግም። የሰው አገር አልጋ ላይ ተኝቼ ጉልበቴን ሳሽ ማደር ምኔ ነው? እሺ ያልኳት ብቻዋን እንደማትሄድ ስለማውቅ ነው። እኔ ከቀረሁ እሷም ትቀራለች።»

«ለእሷ ነግረዋታል?»

«እንዴት ብዬ?»

መታጠፊያው ላይ ቆመች። ከዚያ ወርዳ ብርጭቆውን አባቷ እጅ ላይ አስቀመጠች።

«ሰማሁ» አለች።

አባትየው ጠጡ።

«አምስት ወር ስለፋ ዝም ብለህ አየኸኝ፣ አባዬ።»

«ደስ ብሎሽ ነበራ። ሐሙስ ሐሙስ ፊትሽ በርቶ ነው የምትመጪው። የበራው በባቡሩ ይሁን በሌላ ነገር፣ እኔ አልጠየቅኩም።»

ሰውየው ሰዓቱን በጣም አተኩሮ ማየት ጀመረ። መቁጠር ካቆመ ግን ቆይቷል።

በቀጣዩ ሐሙስ አልሄደችም። በሚቀጥለውም አልሄደችም። ደውላ፣ ጉዞው ይሰረዝ ብላ ስልኩን ዘጋች። ማንን እንደተቀየመች ለራሷም ግልጽ አልነበረም፤ አባቷን ነው እንዳትል ስለ እሷ ብለው ነው፤ ሰውየውን ነው እንዳትል ምንም አላደረገም። ምናልባት የተናደደችው የአባቷን ምኞት ለብሳ የራሷን ምኞት ስትደብቅ በመያዟ ይሆናል። መሄድ የፈለገችው እሷ ነበረች።

በሦስተኛው ሐሙስ እሱ ወደ ሱቁ መጣ። መነጽሩ ደህና ነው። ባንኮኒው ላይ አንድ ወረቀት አኖረ።

«የአባትዎን ስም ሰርዣለሁ። የእርስዎን ግን ፊት ለፊት ካልነገሩኝ አልነካውም።»

«ፊት ለፊት እነግርዎታለሁ። ሦስት ሳምንት አባቴን ማን ያያል?»

«እኔ።»

ሌንስ የምታጸዳበትን ጨርቅ እጥፍ አድርጋ አስቀመጠች። መልሳ ዘረጋችው።

«አብሬዎት ልሂድ ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር» አለች።

«ልል ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳስበው ከረምኩ። ግን እኔ አብሬዎት ብሄድ ልብዎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይቀራል፤ በየሰዓቱ ይደውላሉ፤ ባሕሩን አያዩትም። እኔ እዚህ ከሆንኩ ያዩታል።»

ለረጅም ጊዜ አየችው። አንድ ደንበኛ ገብቶ የፀሐይ መነጽር እያነሳ እየለካ ነበር፤ ሰላምታም አልሰጠችውም።

«አባቴ ሲበዛ ነገረኛ ነው» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። በደረጃው ላይ ስለ ጫማዬ ሦስት ጊዜ ነግረውኛል።»

ሄደች። በመጀመሪያው አውሮፕላን ውስጥ የወንበሩን ክንድ እንደጨበጠች ደረሰች። ከመጀመሪያው ባቡር ስትወርድ ለሁለት ሰው የታሰበው አርባ አምስት ደቂቃ ለብቻዋ ተረፋትና ወደቡ ላይ ሰዎች ሲሰነባበቱ እያየች አሳለፈችው። በየደረሰችበት የወለል ፎቶ ለአባቷ ትልክ ነበር፤ ፍርዱ ወዲያው ይመጣል። «ይሄ ባለሙያ ነው» ወይም «ይሄኛው ደንበኛውን አታሎታል።» ስለ ሰውየው ስትጠይቃቸው ግን መልሳቸው አንድ ነው፤ «ዳማ አይችልም።»

መርከቡ በነፋስ ምክንያት አራት ሰዓት ዘግይቶ ማዶ ደረሰ። ባቡሩ ሄዷል። ጣቢያው አግዳሚ ላይ፣ ሻንጣዋን በጉልበቶቿ መካከል አቁማ ተቀመጠች፤ ቋንቋውን አታውቅ፣ የምታውቀው ሰው የለ። ደወለች፤ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው።

«አይጨነቁ፤ ሰሌዳው ፊቴ ነው። ቀጣዩ ባቡር—»

«ቆይ» አለች። «አትንገረኝ።»

ለስድስት ወር አንድም ቀን ‹አንተ› ብላው አታውቅም። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሷም እንደ እሱ ነው የሰማችው። ከስልኩ ማዶ የዳማ ጠጠር ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ፣ አባቷም ሲያስሉ ተሰማት።

«እሺ» አለ ሰውየው ቀስ ብሎ። «አልነግርሽም።»

ያን ቀን ባቡር አልፈለገችም። ከጣቢያው ጀርባ ትንሽ ማረፊያ አገኘች፤ ጠዋት ከማንም ሳትጠይቅ ሰሌዳውን ራሷ አነበበች፤ ወደ ሦስተኛዋ አገር የሚወስደውን ራሷ መረጠች። በመስኮቱ ባሕሩ አብሯት ይሮጥ ነበር። ብቸኝነቱን እየፈራች ስትጠብቀው፣ ወደደችው። ይህ ደግሞ አስደነገጣት። ተራሮቹ አገር ስትደርስ፣ ወደ ቤት የምትመለሰው ሴት የሄደችዋ እንዳልሆነች ገብቷት ነበር። ለዚያ ሰው ምን ብላ እንደምትነግረው ግን አላወቀችም።

ከመጨረሻው አውሮፕላን ስትወርድ ሁለቱም መቀበያው ላይ ቆመው ነበር። አባቷ ግንባሯን ሳሟትና ደክሞኛል አሉ። ታክሲ ሲመጣ ቀድመው ከሹፌሩ ጎን ገቡ፤ «ጉልበቴን ልዘርጋ» ብለው በሩን ሳቡ። ልጅቱና ሰውየው ከኋላ ተቀመጡ። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ከተማዋን በየመስኮታቸው አዩ።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ብቻዬን መሆን ደስ አለኝ። በጣም።»

«አውቃለሁ። ድምፅሽ ላይ ነበር።»

«አልከፋህም?»

«ከፍቶኝ ነበር። ሁለት ቀን ያህል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አሰብኩት። ብቻሽን መሆን እንደምትችይ እያወቅሽ ከመረጥሽኝ ይሻለኛል። ካልመረጥሽኝም…» አለና ትከሻውን ሰበቀ፤ ግን አልጨረሰውም። መነጽሩን አውልቆ ምንም ያልነካውን ሌንስ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ።

እሷ መነጽሩን ከእጁ ወሰደችው። ጠርጋ ስትጨርስ ራሷ ዓይኑ ላይ አደረገችለት፤ ዘንጎቹን ከጆሮዎቹ ጀርባ አስተካክላ እጇን ግን አልመለሰችም።

«ሁለቱንም እፈልጋለሁ» አለች። «አንዳንዴ ብቻዬን መሄድ። ስመለስ ደግሞ አንተን ማግኘት። ይከብድሃል?»

«አይከብደኝም። አንዳንዴ እኔም ልምጣ?»

«አንዳንዴ ና።»

ታክሲው ቆመ። አባትየው ወርደው በሩን በቀስታ ዘጉ፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ደረጃው አዘገሙ፤ ማንንም አልጠሩም።

ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ደርሰናል እኮ» አለ።

«እናውቃለን» አለች ልጅቱ። ማናቸውም ግን አልተንቀሳቀሱም።