ብራይስን ማን መለሰው?

ብራይስ ሞሎይ የአውስትራሊያ እግር ኳስ ጨዋታው ባለቀ በሃያ ደቂቃ ውስጥ፣ በልብስ መቀየሪያው ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሞተ። ሐኪሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነው አለ። በሦስተኛው ሩብ ጨዋታ የሰው ጉልበት ጭንቅላቱን መትቶት ከሜዳ ወጥቶ ነበር፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ገባ።

እኛ የገጠሯ ኮራንጊ ሰዎች ልጁን በዓይናችን ነው ያሳደግነው። በአሥራ ስምንት ዓመቱ የሜልቦርን ክለብ ሲወስደው የስንዴ አጨዳ አቁመን ጨፍረናል። የጉልበቱ ጅማት ሁለቴ ተበጠሰ፤ አባረሩት። ሌላ ክለብ አነሣው፤ አርባ ጨዋታ አጫውቶ እሱም አባረረው። በሠላሳ አንድ ዓመቱ ተመልሶ የኛው ሆነ። ያን ቅዳሜ ለትልልቅ ክለቦች ተጫዋች የሚመርጥ መልማይ ሊያየው ከሜልቦርን መጥቷል ተባለ። የመጨረሻ ዕድሉ ነበረች፣ ምን ዋጋ አለው!

ሳጅን ማርሊን ኪዮ ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ወደ ሜዳ ከመመለሱ በፊት የሚጠየቅባትን ወረቀት አገኘች። አምስት ጥያቄ፤ መልሱን ማክበብ ብቻ ነው። ከታች የሕክምና ረዳቷ የሊኔት ፊርማ አለ።

«ፊርማው የኔ ነው፤ ያከበብኩት ግን እኔ አይደለሁም» አለች ሊኔት እያለቀሰች። «በነፃ፣ ብቻዬን ነው የማገለግለው፤ ወረቀቶቹን ጠዋት ፈርሜ አስቀምጣለሁ። ያኔ ትከሻው የተሰበረ ሌላ ልጅ አምቡላንስ ላይ እየጫንኩ ነበር።»

የአምቡላንሱ ሹፌር እውነቷን ነው አለ።

አሰልጣኙ ግሌን ተቆጣ። «ወረቀቱ ተሞልቶ ወንበሩ ላይ ነበር፤ ግባ አልኩት።»

«ማን እንደሞላው አልጠየቅክም?»

«በሰባት ነጥብ እየተመራን ነበር እኮ፣ ሳጅን!»

መልማዩም ተጠየቀ። «ብራይስን? አይ፣ እኔ የመጣሁት የተጋጣሚውን ረጅሙን ልጅ ለማየት ነው» አለ።

ሳጅኗ ወረቀቶቹን ሊነኩ የሚችሉትን ሦስት ሰዎች፣ ሊኔትን፣ ግሌንንና ለተጫዋቾች ውሃ የሚያቀብለውን የሟቹን አባት፣ ጋሽ መርቪንን፣ ሰበሰበቻቸው።

«ብራይስ ራሱ አልሞላውም» አለች። «ከገባ በኋላ ‹ወደ የትኛው ጎል ነው የምንመታው?› እያለ ጓደኞቹን ይጠይቅ ነበር። እዚህ ግን አራቱ መልሶች ልክ ናቸው። አምስተኛው ‹ባለፈው ሳምንት የተጫወትክበት ቡድን አሸነፈ?› ይላል። ‹አሸነፈ› ተከቧል።»

«አሸንፈናላ!» አለ ጋሽ መርቪን።

ግሌን አንገቱን ደፋ።

«ዋናው ቡድን አሸንፏል» አለች ሳጅኗ። «ብራይስ ግን የተጫወተው ለሁለተኛው ቡድን ነው፤ ያ ቡድን ደግሞ ተሸንፏል። ግሌን ያውቃል፤ ያወረደው ራሱ ነው። ሊኔትም ታውቃለች፤ ለዚያ ጨዋታ ጉልበቱን ያሰረችለት እሷ ናት። ያን ቀን በዳሌ ሕመም ቤት የዋሉት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ጋሽ መርቪን።»

«ልጄ? ለሁለተኛው ቡድን? ‹አሸነፍን አባዬ› ብሎ እኮ ደወለልኝ!»

«‹ለአባቴ እንዳትነግሩብኝ› ብሎ ለምኖን ነው» አለ ግሌን።



«እኔ ነኝ ያከበብኩት» አለ ሽማግሌው። «ዓይኑ ይዋልል ነበር፤ አይቻለሁ። ‹አባዬ፣ መልማዩ እያየኝ ነው› አለኝ። ጎበዝ ብዬ ጀርባውን መታ መታ አድርጌ አስገባሁት።»

ሊኔት ልታቅፈው ስትነሣ እሱ እጇን ገፋ።

«ወደ ሁለተኛው ቡድን መውረዱን ቢነግረኝ ኖሮ ምን ነበረበት? ‹በቃህ ልጄ፣ ቤታችን እንሂድ› እለው ነበር። ወይኔ ልጄን! እኔን አፍሮ ሞተ።»